ሌሊቱን ከልጄ አልጋ ላልራቃችሁ ሁሉ

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዛሬ ጠዋት ቦርሳውን አንግቶ ትምህርት ቤት ሄደ። ከዓይኔ እስኪጠፋ በር ላይ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ይህን ልጽፍላችሁ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። እዚሁ አዘዞ፣ በተከራየው ብስክሌት ቁልቁለት ሲወርድ ወደቀ። የመሪው ጫፍ ግራ ጎኑን፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር መታው። ደም የለ፣ ቁስል የለ። ትንሽ ሰንበር ብቻ። መጀመሪያ የወሰድነው ክሊኒክ ማስታገሻ ወግተው መለሱን። ማታ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። «እማ፣ ግራ ትከሻዬን» ይላል። ትከሻው እኮ አልተመታም! ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ሕመሙን ትከሻ ላይ እንደሚያሰማ የነገሩኝ ኋላ ነው። እናቶች፣ ይችን ያዙልኝ። ሆዱን የተመታ ልጅ ግራ ትከሻዬን ካላችሁ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ሆስፒታል ስንደርስ አልትራሳውንድ፣ ቀጥሎም ሲቲ ስካን ተነሳ። ጣፊያው ተሰንጥቋል። ጉዳቱ ከ5 ደረጃ 3ኛው ነው፣ 5ኛው የከፋው ነው ተባልኩ። እኔ ጣፊያ የማውቀው ቅርጫ ሲከፋፈል፣ ወይም ወባ የደጋገመው ሰው «ጣፊያው አበጠ» ሲባል ነው። «በሉ ቶሎ ኦፕራሲዮን አድርጉልኝ፣ ቆርጣችሁ አውጡልኝ» ብዬ ሐኪሙ እግር ላይ ወደቅኩ። አንስተው አስቀመጡኝ። ያን ሁሉ ሰው እያከሙ፣ ለእኔ ጊዜ ነበራቸው።

«የልጅ ጣፊያ አብዛኛውን ጊዜ መድማቱን ራሱ ያቆማል» አሉኝ። «ሽፋኑ ከአዋቂ ይልቅ ጠንካራ ነው። የምንወስነው በስንጥቁ መጠን ሳይሆን በልጁ ሁኔታ ነው። የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ከተረጋጋ እንጠብቃለን። ካልተረጋጋ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ዝግጁ ነው፣ ደሙም ዝግጁ ነው።»

መጠበቅ ማለት ዝም ብሎ መቀመጥ መስሎኝ ነበር። ያን ሌሊት ያየሁት ሌላ ነው። ሲስተር፣ በየሰዓቱ እየመጣሽ ግፊቱን ለካሽ፣ ምቱን ቆጠርሽ፣ ሆዱን በቀስታ ነካሽ። የደሙ መጠን ወርዶ እንደሆነ ለማየት ደጋግማችሁ ደም ቀዳችሁለት። ምናልባት ኦፕራሲዮን ያስፈልግ ይሆናል ብላችሁ ምግብም ውሃም ከለከላችሁት። ውሃ ሲለምነኝ አብረሽኝ አለቀስሽ፤ ከንፈሩን በእርጥብ ጥጥ አራስሽለት። ወደ ንጋት ላይ የደሙ መጠን ወረደ፣ አንድ ከረጢት ደም ተሰጠው። ከዚያ በኋላ አልወረደም።

ጠዋት ሐኪሞቹ ሲዞሩ ለተማሪዎቹ ሲያስተምሩ ሰማሁ። ድሮ ጣፊያ ከተሰነጠቀ ማውጣት ነበር ሕጉ። እንደ ፈረንጆቹ በ1952 ጣፊያቸው በወጣ ሕፃናት ላይ ከባድ የደም ኢንፌክሽን እንደሚከተል ተጻፈ። ከዚያ በ1968 የቶሮንቶ ሐኪሞች ልጆችን ያለ ኦፕራሲዮን ማዳን እንደሚቻል አሳዩ። ልጄ ሆዱ ሳይከፈት የዳነው እነዚያ ሰዎች ለመጠበቅ ስለደፈሩ ነው። እነሱንም አመሰግናለሁ።

አጠገባችን የተኛው ልጅ ግን ተከፍቷል። ከደምቢያ ነው፣ በቅሎ ረግጣው። ፈሳሹም ደሙም እየተሰጠው ግፊቱ አልረጋጋ አለ። ሐኪሞቹ አላመነቱም፣ ጣፊያውን አወጡት። እህቴ፣ «ያንቺ ሳይቀደድ ዳነ፣ የእኔ ምን አጥፍቶ ነው?» ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። ልጅሽ ምንም አላጠፋም፣ አንቺም አላጠፋሽም። ያ ኦፕራሲዮን ነው ያተረፈልሽ። ክትባቱን እንዳታስቀሪበት፣ የታዘዘለትን ፔኒሲሊን እንዳታቋርጭበት። ትኩሳት ካየሽ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ውሰጅው። ሀገራችሁ ወባ አለበት፤ ጣፊያ ለሌለው ልጅ ወባ ይበረታበታል። አጎበሩን አደራ። ያን እሑድም አልረሳውም፤ ካንቺው ስልቻ በሶ በጥብጠሽ ያጠጣሽኝ አንቺ ነሽ።

ስንወጣ ለ5 ሳምንት ኳስም ብስክሌትም ዛፍ መውጣትም የለም ተባልን። ልጅን 5 ሳምንት ማስቀመጥ! የሠፈር ልጆች ግን ተራ ገብተው ቤት እየመጡ ዳማ አጫወቱት። እናንተንም እግዚአብሔር ያሳድጋችሁ።

ደሙን የሰጠኸው ወይም የሰጠሽው ሰው፣ አላውቅህም፣ አላውቅሽም። ደማችሁ ልጄ ውስጥ ነው።

ያን ማታ ከአዘዞ የወሰድከን ባለባጃጅ፣ በር ላይ አውርደኸን ሒሳብህን ሳትቀበል ዞርክ። ስንት ጊዜ ፈለግኩህ። ልጁ ድኗል። ቤታችን ና፣ ቡና አፍልቼ እጠብቅሃለሁ።