ይህን ለአባባ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው

ውድ እታለሜ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን እዚህ ላይ ልቁረጠው፤ መልእክትሽ ከደረሰኝ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

«አባባ ዓይናቸው እየጠፋ አንተ ፍርስራሽ ለፍርስራሽ እየዞርክ ፎቶ ትነሣለህ» አልሽኝ። ሦስት ወር ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ከርሜ ድንገት ድንጋይ ተደግፌ ስስቅ ብታዪኝ ሌላ ምን ልትዪ ኖሯል? ግን ለሽርሽር አልሄድኩም። ለቅሶ ነው የሄድኩት።

ሱቅ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ዚምባብዌያዊ ነው፤ አገሩ ማስቪንጎ ከሚባል ከተማ አጠገብ ነው። ያኔ ችግር በተፈጠረ ጊዜ (አልፏል፣ አታንሺው) ቤቱ ወስዶ ያሳደረኝ እሱ ነው። አባቱ ሲሞቱ ብቻውን እንዲሄድ ሆዴ እሺ አላለኝም። ከጆሃንስበርግ በሌሊት አውቶቡስ ተነሥተን፣ የሊምፖፖን ወንዝ ተሻግረን ቀበርናቸው። የሰው አባት ቀብሬ የራሴን አባት ሳልጠይቅ መቅረቴን አንቺ ሳትነግሪኝ በፊት መቃብሩ አፍ ላይ ቆሜ አስቤዋለሁ። «ዚምባብዌ የደረሰ እዚህ መምጣት ምን ያቅተዋል» ላልሽው፣ የያዝኩት የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ነው። ወደ ሌላ አገር ያስኬዳል፤ ወደ ተወለድኩበት አገር ግን አያገለግልም። ይህን ለአባባ እንዳትነግሪያቸው። ሥራ በዝቶበት ነው በያቸው።

ከዚህ በኋላ ያለውን አንብቢላቸው። ፎቶው ለእሳቸው ስለማይሆን ነው በቃል የምጽፈው።

አባባ፣ ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ልጁ «የአያቶቼን ቤት ሳታይ አትመለስም» ብሎ ወሰደኝ። ታላቋ ዚምባብዌ ይሉታል። ስሙ በሾና ቋንቋ የድንጋይ ቤቶች ማለት ነው፤ አገሪቱም በፈረንጆቹ 1980 ነፃ ስትወጣ ስሟን የወሰደችው ከዚያ ነው። የሾና አባቶች ከ11ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዘመን ድረስ የካቡት የነገሥታት ከተማ ነው።

ካብ ነው አባባ! እንደ እርስዎ ያለ ካብ። ጭቃ የለው፣ ኖራ የለው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ። ትልቁ ቅጥር ዙሪያው 250 ሜትር ያህላል፤ ቁመቱ እስከ 11 ሜትር ይደርሳል፤ ውፍረቱ ሥሩ ላይ 5 ሜትር ያልፋል። ድንጋዩ እንደ መንዝ ድንጋይ ጥቁር አይደለም፣ ግራጫ ግራናይት ነው። ቀን ሲግል ሌሊት ሲበርደው ከኮረብታው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላቀቃል፤ እነሱም ያንን እየፈለጡ እንደ ጡብ ደረደሩት። ግድግዳው ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። «ካብ ሆዱን ወደ ውጭ ከነፋ አለቀለት» ይሉን የነበረው ትዝ አለኝ። ድንጋይ ሳቀብልዎ አንዱን ተቀብለው፣ ገልብጠው ገልብጠው አይተው፣ «ይሄ ፊት የለውም» ብለው ሲጥሉት፤ እኔ ፊቱን ስፈልግ። ፎቶው ላይ የሣቅሁት ይህን አስቤ ነው።

ከቅጥሩ ውስጥ ጎተራ የመሰለ ሾጣጣ ግንብ አለ፣ ቁመቱ 10 ሜትር ገደማ። ሀብት ፈላጊዎች ወርቅ አለበት ብለው ከሥሩ ቆፍረውት ነበር። ምንም አላገኙም፤ ድፍን ድንጋይ ነው።

አስጎብኚዋ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ስትሰማ «በእናንተ ንግሥት ስም ብዙ ተበደልን» አለችኝ። ካርል ማውክ የሚባል ጀርመናዊ በፈረንጆቹ 1871 መጥቶ ከበሩ ጉበን እንጨት ቆርጦ ቢያሸት፣ እንደ እርሳሱ እንጨት ሸተተው። ይህ የሊባኖስ ዝግባ ነው፤ እንግዲያስ ቤቱ የንግሥተ ሳባ ነው አለ። እንጨቱ የዚያው አገር ዛፍ ነበር። አገሩን የያዙት ነጮች ግን ጥቁር ሰው ይህን መሥራቱን ላለማመን ወሬውን ያዙት። ራንዳል ማኪቨር በ1905፣ ገርትሩድ ኬተን ቶምፕሰን በ1929 ቆፍረው የአገሬው ሰው ሥራ ነው ቢሉም አገዛዙ እሺ አላለም። እኔ የማክዳን ስም በሰው አገር ስሰማ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ልንገርዎ። ቀጥሎ የልጁን ፊት አየሁት። አባቱን የቀበረ ሦስት ቀኑ ነው። የእርስዎን ካብ ጎረቤት ካበው ሲባል የሰማሁ ያህል ሆዴ ተቃጠለ።

እታለሜ፣ ከዚህ ወዲያ ለአንቺ ነው። ዛሬ 40 ሺህ ብር ልኬያለሁ። መጀመሪያ የአባባን ዓይን። የዓይን ሞራ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይለቃል፣ ሠርጉን ሳትጠብቂ ደብረ ብርሃን ውሰጂያቸው። ልጃቸውን ሲድሩ ጭላንጭል ሳይሆን ፊቷን ማየት አለባቸው። የተረፈው ለታናሻችን ቀሚስ ነው። የዚያ ቅጥር አናት ላይ ድንጋዩን እያጋደሙ የሠሩት መስመር አለ፣ ልክ እንደ ጥለት ከፍ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ሸማኔው ያውቀዋል፤ ፎቶውን አሳይው፣ የቀሚሷን ጥለት እንደዚያ ይሥራላት። በጥር እዛ አልኖርም። ሚዜ ልሆናት ቃል የገባሁት እኔ ነበርኩ። አኩርፋ ከሆነ አታባብያት፣ ታኩርፍ።

ሳልደውል የከረምኩት ስልኬ ጠፍቶ ነው ብዬሽ ነበር። ስልኩ ብቻ አይደለም የጠፋው። አሁን ግን ሱቁን መልሼ ከፍቻለሁ፣ ጎኔም ድኗል። ይህንንም አታንብቢላቸው።

በክረምቱ የፈረሰውን የግቢውን ካብ ሰው ቀጥረሽ በስሚንቶ እንዳታስገጥሚው፣ አደራ። ዓይናቸው ሲበራ ራሳቸው ቆመው ያሠሩታል።

አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ያ ትልቅ ቅጥር ዙሪያውን ይጠማዘዛል እንጂ አንድም ማዕዘን የለውም። እሳቸው ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከማዕዘን ድንጋይ ነው። ያለ ማዕዘን ከየት ተጀምሮ ይካባል? ሲመልሱልሽ በስልክሽ ቅጂልኝና ላኪልኝ። ቢያስላቸውም አትቁረጪው።

ወንድምሽ