ሙዚቃ መማር እንጀራ ይሆናል?

ክቡር አዘጋጅ፣

ልጄ ሙዚቃ ልማር ስትለኝ ጎረቤቶቼ «አዝማሪ ልታደርጋት ነው?» አሉኝ። የኢትዮ ጃዙ ሙላቱ አስታጥቄም ወደ ብሪታንያ የተላከው ምሕንድስና ሊማር ነበር፤ ግን ሙዚቃን መርጦ ስመ ጥር ሆነ። እርግጥ ሁሉም ሙላቱ አይሆንም።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። የወንድሜ ልጅ ጎበዝ ኪቦርድ ተጫዋች ነው፤ ሠርግ ላይ እስከ ሌሊት ስምንት ሰዓት ይጫወታል። ለአንድ አልበም ሲቀርጽ የፈረመው በእጅ የተጻፈች ግማሽ ገጽ ወረቀት ናት፤ ቅጂዋ እንኳን እጁ ላይ የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችም፣ ማለትም ለሚጫወቱና ለሚዘፍኑ፣ መብት እንደሚሰጥ የሰማው ከእኔ ነው!

ጣቱን ያሠለጠነው ትምህርት ቤት ውል ማንበብንም ቢያስተምረው ምን ነበረበት? ልጄን ክራር እንድትማር ፈቅጃለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ትማራለች። አኩርፋለች፣ ግን ተስማምታለች።

አንድ አባት፣ ከአዲስ አበባ