ወርቁ ለንደን ላይ አልተሰጠም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ኒውዚላንዷ አሎሎ ወርዋሪ ስለ ቫለሪ አዳምስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ አነበብኩት። አሎሎ በእናንተ ገጽ ላይ ቦታ ማግኘቱ ራሱ ብርቅ ነውና ደስ ብሎኝ ነበር፤ ስለ ለንደን ኦሊምፒክ የሚለው ላይ እስክደርስ ድረስ። ጸሐፊያችሁ በ2012ቱ (እ.ኤ.አ.) ኦሊምፒክ መድረክ ላይ አውጥቶ ወርቁን አጠለቀላት፣ መዝሙር አዘመረላት፣ በመጨረሻም አስለቀሳት። ያልሆነውን እንዲህ አጥርቶ ያየ ሰው መቼም ተሰጥኦ አለው!

የሆነው ይኸ ነው። የቤላሩሷ ናዴዝያ ኦስታፕቹክ 21.36 ሜትር ወርውራ አንደኛ ተባለች። አዳምስ በ20.70 ሁለተኛ ሆና የብሩ ቦታ ላይ ቆመች፤ የተዘመረውም የቤላሩስ መዝሙር ነበር። በሳምንቱ ኦስታፕቹክ ሜቴኖሎን የተባለ አበረታች መድኃኒት ተገኘባት ተብሎ ውጤቷ ተሰረዘ። ወርቁ አዳምስ እጅ የገባው መስከረም ላይ፣ እዚያው አገሯ ኦክላንድ ውስጥ ነው።

"ይቺ ምን አላት" ትሉ ይሆናል። ብዙ አላት እንጂ! ሜዳሊያው ተመለሰላት፤ ያቺ የለንደን ምሽት ግን እንደተሰረቀች ቀረች። እናንተ በብዕራችሁ መልሳችሁ ሰጥታችኋት ስርቆቱን ደመሰሳችሁት።

ምን እንዲህ ያንገበግብሻል ለሚለኝ፣ እኔም ወርዋሪ ነበርኩ። ደንቡ 2.135 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወለሉ ጠንካራ የሆነ የመወርወሪያ ክብ ይላል፤ እኛ ሆጤ ሜዳ ላይ መምህራችን በተረከዙ ጭቃው ላይ ይጭርልን ነበር። በደሴ የጠዋት ጉም ባለ 4 ኪሎዋን ብረት አገጬ ሥር ሳስጠጋት ቅዝቃዜዋ ጥርስ ያንቀጠቅጣል፤ ዝገቷ አንገቴ ላይ ይቀርና እናቴ "ማነው ያነቀሽ?" ትለኛለች። አንድ ውድድር ላይ አንደኛ ወጣሁ። ያን ሰዓት ድምፅ ማጉያው የ10 ሺህ ሜትር ሯጮችን ሲያሞግስ ስሜ ሳይጠራ ቀረ። ሜዳሊያዬን በኋላ ቢሮ ሄጄ ነው የወሰድኩት፤ አንዲት ሴትዮ መሳቢያ ከፍታ አወጣችና "እዚህ ጋ ፈርሚ" አለችኝ። ለአዳምስስ እንኳ ኦክላንድ ላይ ሥነ ሥርዓት ተደግሶላታል።

የባሰው ጽሑፋችሁ መጨረሻ ላይ ያለው ነው። ይኸ ስፖርት ለእኛ ሰውነት አልተፈጠረም፣ እኛ ሯጮች ነን ትላላችሁ። እውነት? ታዲያ በኢትዮጵያ አትሌቲክስ ሻምፒዮና ላይ አሎሎ የሚወረውሩት ሴቶች እንደ አዳምስ እናት ከቶንጋ የመጡ ናቸው? አዳምስ 1.93 ሜትር ናት፤ ቁመት ይረዳል፣ አልክድም። ከ2007 እስከ 2013 (እ.ኤ.አ.) አራት የዓለም ሻምፒዮናዎችን አከታትላ ያሸነፈችው ግን በቁመት ብቻ አይደለም። ሁለት ልጆች ወልዳ፣ በ36 ዓመቷ ቶኪዮ ላይ ነሐስ ስትወስድም ቁመቷ ያው ነበር። አሰልጣኝ ነበራት፣ የክብደት መሥሪያ ነበራት፣ የሚከታተላት ነበራት። የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ልጅ ይኸን ሁሉ አግኝታ አቃታት የሚል ካለ ይንገረኝ። ሳይሰጡን ሰውነታችን ተከሰሰ!

እርማቱን እንግዲህ ከሩጫ ውጤት ሥር በሁለት መስመር እንዳትወሽቁት። ጸሐፊያችሁም ወደ ደሴ ብቅ ካለ ሆጤ ይምጣ፤ ባለ 4 ኪሎዋን አስይዤው ለሩጫ የተፈጠረ ሰውነቱን አብረን እናያለን።

የቀድሞ አሎሎ ወርዋሪ፣ ከደሴ