ጎማው ሳይገዛ መሬቱ ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልን። ጋዜጣችሁ ስለ ወተት ላም በረትና ስለ ዶሮ ቤት አሠራር ሲጽፍ እናነባለን፤ የፈረስ ጋጣ ወለል ግን እስካሁን ተራ አልደረሰውም። በሱሉልታ፣ በሰንዳፋ፣ በለገጣፎና በሆለታ በኩል ለመጋለቢያ ፈረስ ጋጣ የሚያሠሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ግድግዳውንና ቆርቆሮውን አሳምረው ይጨርሱና ወለሉን በመጨረሻ ያስቡታል። ያኔ እጃቸው ላይ የቀረው ብር ጥቂት ስለሆነ ለጂም ቤት የተሠራ ስስ የጎማ ምንጣፍ ገዝተው ሊሾ ላይ ያነጥፉታል። ክረምቱ ሳይወጣ የጎማው ጠርዝ ይጠቀለላል፣ ከሥሩ ሽንት ይቋጥራል፣ ፈረሱም እርጥብ ላይ ቆሞ ያድራል። ከዚያ «ጎማ ለፈረስ አይሆንም» የሚል ወሬ ይዛመታል። ጎማ ለፈረስ ይሆናል፤ ጥፋቱ የአመራረጡና ከሥሩ ያለው መሬት ነው።

በቤተ መንግሥቱ ዘመን የፈረስ ቤቱን የሚመራ ባልደራስ ነበር። ዛሬ ባልደራሱ ባለቤቱ ራሱ ስለሆነ ዝርዝሩን ማወቅ ያለበትም እሱ ነው።

የሱሉልታ ሜዳ አፈር መረሬ ነው፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። እዚህ አፈር ላይ እንዲሁ የፈሰሰ ኮንክሪት ይሰነጠቃል፤ እንዲሁ የተነጠፈ ጎማም ይዋልላል። ስለዚህ ጥቁሩ አፈር ቢያንስ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ተቆፍሮ ይውጣ፤ ከዚያ በፊት ጠንካራ መሬት ከተገኘ እዚያው ይቁም። ጉድጓዱ በገረጋንቲ (ለሙሌት በሚሆን ጠጠራማ አፈር) ወይም በቀይ አሽ (በቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ይሞላል። ሙሌቱ በአንድ ጊዜ አይደፋም፤ 15 ሴንቲ ሜትር እየተደፋ፣ ውሃ እየተረጨ፣ በኮምፓክተር ወይም በእጅ መደቅደቂያ ይጠቀጠቃል። የጋጣው ወለል ከውጭው መሬት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። የጣራው ውሃም በአሸንዳ ተሰብስቦ ከግድግዳው ይራቅ፤ አለዚያ በሐምሌ ውሃው ከሥር ይመጣል። ጎማ ደግሞ የሥርን ውሃ እንደ ክዳን ገጥሞ ይይዘዋል እንጂ አያስወጣውም።

ከሙሌቱ በላይ የሚመጣው ወይ ኮንክሪት ነው፣ ወይ የተጠቀጠቀ የድንጋይ ብናኝ። ለሜዳማው መረሬ ኮንክሪቱን እንመርጣለን። ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ልኩ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር። ፊቱ ሊሾ አይሁን፤ ገና እርጥብ እያለ በመጥረጊያ ይሸካከር። ተዳፋቱ በየሜትሩ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ወደ በሩ ይውረድ። ግንበኞች ውሃው ቶሎ እንዲሄድ ብለው ከዚህ በላይ ሲያዘቀዝቁት ፈረሱ ቀንና ሌሊት በዘመመ መሬት ላይ ስለሚቆም የእግሩ ጅማት ይጎዳል። ኮንክሪቱ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ፤ ጎማውም 28 ቀን ሳይሞላው አይነጠፍበት። ጋጣው መሐል ላይ የፍሳሽ ቀዳዳ ማውጣት የብዙዎች ፍላጎት ነው፤ አንመክርም። ጎማው ሥር ተደብቆ በጭድ ይደፈናል፣ ከዚያም የሽታው ምንጭ እሱ ይሆናል። ከበሩ ውጭ ያለ ጥልቀት የሌለው ቦይ ይበቃል።

ቀይ አፈርና ተፈጥሯዊ ተዳፋት ባለበት፣ ለምሳሌ በእንጦጦ ሥር፣ 5 ሴንቲ ሜትር ዜሮ ዜሮ የሚባለው የጠጠር ብናኝ ተጠቅጥቆ ሥራውን ይሠራል፤ ርካሽም ነው። እዚህ ላይ የሚፈለገው የፊቱ ደልዳላነት ነው። ሁለት ሜትር የሆነ የግንበኛ ስታጃ (ቀጥ ያለ ማስተካከያ ዘንግ) መሬቱ ላይ ሲጋደም ከሥሩ 5 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ክፍተት ሊታይ አይገባም። ትንሽ ጎድጓዳ ከቀረ ጎማው በእያንዳንዱ እርምጃ እየጎበጠ ይመለሳል፣ እንደ ወናፍ እየተነፈሰም ሽንቱን በመጋጠሚያው ወደ ታች ይስባል። ልል አሸዋ ደግሞ ከናካቴው አይደረግ። አሸዋ ከሰኮና ጫና እየሸሸ አንድ ጥግ ላይ ይከመራል።

አሁን ወደ ጎማው። ገበያ ላይ የሚገኘው ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ በድኝና በሙቀት የበሰለ ድፍን ጎማ ነው፤ ቢቆረጥ ውስጡ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ጥቁር ነው። ሌላው ያረጀ የመኪና ጎማ ተፈጭቶ በሙጫ የተጣበቀ ነው፤ ጠርዙ ላይ ፍርፋሪው በዓይን ይታያል፣ አንዳንዱም ሰማያዊና ቀይ ነጠብጣብ ጣል ጣል ተደርጎበታል። ሦስተኛው እንደ ስፖንጅ የቀለለ ፎም ነው። ለጋጣ የሚሆነው ድፍኑ ነው። ፍርፋሪው በመካከሉ ክፍተት ስላለው ሽንት ይጠጣል፤ አንዴ ከጠጣ በሳሙና ቢታጠብም ሽታው አይለቅም፤ ፈረሱ በሰኮናው ሲጭረውም ከዳሩ ይበተናል። ፎሙ ይሞቃል፣ ይመቻል፤ ግን የብረት ጫማ ያደረገ ፈረስ ይቦጫጭቀዋል፣ ስለሚቀልም ከቦታው ይሸሻል።

ሻጭ ሁሉ «ድፍን ነው» ማለቱ አይቀርምና ሚዛን ይጠየቅ። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ተለክቶ በ1.15 ሲባዛ የአንድ ካሬ ሜትር ኪሎ ይገኛል። 18 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ በካሬ ወደ 21 ኪሎ፣ 1.2 በ1.8 ሜትር የሆነው አንዱ ምንጣፍ ደግሞ ወደ 45 ኪሎ መመዘን አለበት። ሥሩ ቦይ ቦይ ያለው ከሆነ ጥቂት ይቀንሳል። 30 ኪሎ ከመጣ ግን ወይ ውስጡ አየር ነው፣ ወይ ውፍረቱ የተባለው አይደለም። 60 ኪሎ ቢመጣም ደስ አይበል፤ ጠመኔ ወይም ሸክላ በዝቶበታል፣ እንዲህ ያለው ቶሎ ይሰነጠቃል። ጥጉ እስኪገጥም ይታጠፍ፤ እጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ካወጣ እዚያው ይተው።

ውፍረቱ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) በአራቱም ጎን ይለካ። በሁለት ምንጣፎች መካከል ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ መጋጠሚያው ላይ ከንፈር ይፈጠርና የፈረሱ ሰኮና እየነቀለ ያነሳዋል። ሰያፉም፣ ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን፣ ይለካ፤ 1.2 በ1.8 የሆነ ምንጣፍ ሁለቱም ሰያፉ 216 ሴንቲ ሜትር ግድም ካልሆነ ማዕዘኑ ቀጥ አላለምና ሲገጣጠም ይከፈታል። ፈረስ ለሚያድርበት ክፍል ከ17 እስከ 19 ሚሊ ሜትር ይሁን። 12 ሚሊ ሜትር ለመተላለፊያና ለማጠቢያ ቦታ ይበቃል። ከ10 በታች ያለው፣ የፈለገውን ያህል ቢረክስ፣ በመጀመሪያው ዓመት ይጠቀለላል። የላይ ፊቱ ጉብጉብ ያለ፣ ግን ጥልቅ ያልሆነ ይሁን፤ ልሙጡ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ጥልቁ ሽንት ይይዛል። በሥሩ ያሉት ቦዮች ወደ ተዳፋቱ አቅጣጫ ይዙሩ። ይህ ነገር ስንት ጊዜ እንደሚረሳ ጋጣ የሚያድሱ ሠራተኞች ያውቁታል።

የአገራችን ፈረስ ቁመት ከ130 ሴንቲ ሜትር ግድም ብዙ አይርቅም፤ 3 በ3 ሜትር ጋጣ ይበቃዋል። ለዚህ ስፋት አምስት ምንጣፍ ይገዛል። ብዙ ሰው አራቱን እንደ ነፋስ መዘውር አዙሮ ሲያነጥፋቸው መሐል ላይ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ባዶ ይቀራል፤ ከአምስተኛው ቆርጦ ይሞላዋል። ሲታይ ያምራል። ነገር ግን ያቺ ቁራጭ 7 ኪሎ ተኩል ብቻ ናት፤ ፈረስ የሚሸናውም ብዙውን ጊዜ መሐል ላይ ነው፤ ስለዚህ ቀድማ የምትነሳው እሷ ናት። የተሻለው እንዲህ ነው፦ በበሩ በኩል ሁለት ሙሉ ምንጣፍ በቁመታቸው ጎን ለጎን ይጋደሙና የቀረው 60 ሴንቲ ሜትር በቁመቱ ለሁለት በተሰነጠቀ ምንጣፍ ይሞላል። በኋላው ግድግዳ በኩል አንድ ሙሉ ምንጣፍ በአግድሙ፣ ከጎኑም፣ ለሁለት የተሰነጠቀው ባለበት በኩል፣ 1.2 በ1.2 ሜትር የተቆረጠ ይቀመጣል። ጎማው ያው አምስት ነው፤ ትንሹ ቁራጭ ግን ከ22 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ መጋጠሚያዎቹም አንድ ነጥብ ላይ አይገናኙም። የተቆረጠው ጎን ሁልጊዜ ወደ ግድግዳው ይሁን።

ተጠቅልሎ የመጣ ጎማ ከመቆረጡ በፊት አንድ ወይም ሁለት ቀን ተዘርግቶ ይደር። አቆራረጡ ትዕግሥት ይፈልጋል፦ በከተር፣ ቀጥ ያለ ብረት ተይዞ፣ ምላጩ የሳሙና ውሃ እየነካ፣ አራት አምስት ጊዜ እየተመላለሱ። ከመስመሩ ሥር ጣውላ ሲገባ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ምላጩም አይታነቅም። በግድግዳው ዙሪያ የ5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው፤ የመጋቢት ፀሐይ በቆርቆሮ ሥር ጎማውን ያሰፋዋል። ሙጫም ምስማርም አያስፈልግም። ከግድግዳ ግድግዳ ከሞላ ክብደቱ ራሱ ይይዘዋል፤ የተጣበቀ ጎማ ደግሞ ተነስቶ አይታጠብም።

ስለ መኝታው የሚነገር አንድ ስህተት አለ፤ ጎማ ካለ ጭድ አያስፈልግም ይባላል። ድፍን ጎማ ሽንት አይጠጣም። ፈረስም ሽንቱ እግሩ ላይ የሚረጭበትን ወለል ስለሚጠላ ይዞ ይቆያል፤ ባዶ ጎማ ላይ መተኛትም አይወድም። ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል እንጂ ጥልቁን እንቅልፍ የሚያገኘው ተጋድሞ ነው። ባዶ ኮንክሪት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር መኝታ ይፈልጋል፤ ጥሩ ጎማ ላይ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። የጎማው ትርፍ እዚህ ላይ ነው። የጤፍ ጭድ ለከብት መኖና ለምርጊትም ስለሚፈለግ ውድ ነው፤ ፈረሱም ይበላዋል። የገብስ ገለባ ይሻላል። ሰጋቱራ ከተደረገ ከእንጨት መሰንጠቂያ የወጣ ሻካራው ይሁን፤ የኤምዲኤፍ (በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ የእንጨት ሰሌዳ) ብናኝ ሙጫ ስላለው አይግባ። የምትወልድ ባዝራ ወይም የታመመ ፈረስ ካለ ጎማው እንደሌለ ተቆጥሮ መኝታው ይወፍር።

በየቀኑ ፋንድያውና የረጠበው ይውጣ። ቆሞ ማሽተት ጋጣው ንጹሕ መሆኑን አያሳይም፤ በጉልበት ተንበርክኮ ነው። ሽንት ወደ አሞኒያ ሲለወጥ ፈረሱ ተኝቶ ወይም ከመሬት እየበላ የሚተነፍሰው ያን የታችኛውን አየር ነው። ጎማው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦትና በጥቅምት፣ ተነስቶ ሥሩ ይደርቅ። ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ነው፤ ጠርዙ በፒንሳ ተይዞ ይጎተታል። በሳሙና ውሃ ይታጠብ።

በረኪና ግን ሽንት ባለበት ፈጽሞ አይፈሰስ። ከአሞኒያው ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል፤ በተዘጋ ጋጣ ውስጥ ሰውንም ፈረስንም ይጎዳል። መዥገር ያባርራል ተብሎ የሚቀባው የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ጎማውን አሳብጦ ያበሰብሰዋል።

ከድንጋይ መፍጫ የሚወጣ ያገለገለ የማጓጓዣ ቀበቶ በርካሽ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ልሙጥ ነው፣ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ በመካከሉ ያለው ሸራም ከተቆረጠው ጠርዝ ሽንት ይጠጣል። ውስጡ የብረት ገመድ ያለው ከሆነ አይነካ። የተዘረጋ የመኪና ጎማም እንዲሁ ነው፤ ሽቦው ከጊዜ በኋላ ብቅ ብሎ የሰኮናን ሥር ይወጋል። ጎማ መግዛት የማይችል የጋሪ ፈረስ ባለቤት ከእነዚህ ይልቅ በደንብ የተጠቀጠቀ ቀይ አሽ ላይ ደረቅ ገለባ ቢያነጥፍ ፈረሱ ይበልጥ ይጠቀማል።

ለአስመጪዎችና ለሻጮች አንድ ጥያቄ አለን፤ ደረሰኙ ላይ «የጎማ ምንጣፍ» ተብሎ ብቻ አይጻፍ። ውፍረቱ፣ የአንዱ ኪሎ፣ ድፍን ወይም ፍርፋሪ መሆኑ ይጻፍ። የሙሌቱ ሥራ በበጋ እንዲያልቅ ለሚፈልጉ ደግሞ ጊዜው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው፤ ሰኔ ከገባ መረሬው ስለሚረጥብ የሚጠቀጠቀው ጭቃ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
በአዲስ አበባ ዙሪያ ጋጣ የሚሠሩና ፈረስ የሚንከባከቡ ባለሙያዎች