ኢሮብን ማን ጠየቀው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት በአስተያየት ገጻችሁ ያወጣችሁትን የሰሜኑን ሰላም የሚመለከት ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ብዙ ደህና ነገር ብለዋል። አንድ ቦታ ላይ ግን የአናሳ ብሔረሰቦች ጥያቄ ዋናው ጉዳይ መልክ ከያዘ በኋላ «በየደረጃው» ይታያል ይላሉ። ይህችን «በየደረጃው» የምትባል ቃል ከ20 ዓመት በላይ ስሰማት ኖሬያለሁና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

እኔ ኢሮብ ነኝ፤ በትግራይ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ በኤርትራ ድንበር ላይ የምንኖር አናሳ ብሔረሰብ ነን። ዓሊቴና አጠገብ ተወልጄ፣ 27 ዓመት አስተምሬ፣ አሁን አዲግራት ኪራይ ቤት ውስጥ ነው ያለሁት። ኢሮብ የሚለውን ስም የማያውቅ አንባቢ አሲምባን ሳይሰማ አይቀርም። የኢሕአፓ ሠራዊት የመሸገበት ተራራ የእኛ አገር ነው። ሰው ተራራውን ያውቀዋል፤ ተራራው ላይ ማን እንደሚኖር ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 33 ሺህ ገደማ ነበርን። ቋንቋችን ሳሆ ነው፤ ከድንበሩ ወዲያም ወዲህም ይነገራል። ነጭ ማራችንን የቀመሰ ደግሞ አይረሳንም፤ እሱን ለሌላ ቀን ላቆየው።

ከተወሰነ ጊዜ በፊት ስለ ሰላምና ስለ ሽግግር ፍትሕ ምክክር አለ ተብሎ ተጠራን። ማን እንዳዘጋጀው መናገር አልፈልግም፤ ነገሬ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጋር አይደለም። ስልክ የተደወለልኝ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ስብሰባው በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት። «ከኢሮብ አንድ ሽማግሌ ይዘሽ ነይ» ተባልኩ። ሽማግሌ ፍለጋ ወዴት እሄዳለሁ? ከእኔ ጋር ተፈናቅለው የሚኖሩትን አጎቴን ይዤ ሄድኩ። ሰማንያን ያለፉ ሰው ናቸው። የገበያ ትግርኛ ያውቃሉ፤ የስብሰባ ትግርኛ ግን ሌላ ቋንቋ ነው።

በር ላይ የምንፈርምበት ቅጽ ላይ ብሔር የሚል ረድፍ ነበረው። አማራጮቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ኢሮብ የለም፤ እንደ እኛው በትግራይ ያለው አናሳ ብሔረሰብ ኩናማም የለም። «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። አጎቴ ምን እንደጻፍኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ትግራይ ውስጥ ተሰብስበን ሌላ ነን እንዴ?» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

ፕሮጀክተሩ ላይ ያለው ጽሑፍ በአማርኛ ነው፤ ገለጻው በትግርኛ። አስተርጓሚ ስላልነበረ እኔው በጆሯቸው ማንሾካሾክ ያዝኩ። አስተማሪ ሆኜ ኖሬ «የሽግግር ፍትሕ» የሚለውን በሳሆ እንዴት እንደምለው ጠፋኝ። በመጨረሻ «ጦርነት ካለፈ በኋላ የሚደረግ ዳኝነት» አልኳቸው። አጎቴ ዞር ብለው አዩኝና «አልፏል እንዴ?» አሉ። ወዲያው አወያዩ፣ ልጅ እግር ነው፣ በትሕትና «እናቴ፣ የጎን ወሬ ይቅርብን» አለኝ። ልጁን አልቀየምኩትም። ተናገር የተባለውን ነው የተናገረው። እኔም ዝም አልኩ፤ አጎቴም ቀሪውን ሁለት ሰዓት ግድግዳውን ሲያዩ ቆዩ። ለአበል ሲፈረም ግን የሁለታችንም ስም በደንብ ተጽፏል። በሪፖርቱ ላይ «የአናሳ ብሔረሰብ ተወካዮች ተሳትፈዋል» ተብሎ እንደሚወጣ አልጠራጠርም።

ጸሐፊው ይህን ጥቃቅን ነገር ነው ሊሉ ይችላሉ። እኔ ትልቁም ነገር የተበላሸው እንዲሁ ይመስለኛል። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ የባድመውን የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የሚያበቃው ስምምነት ሲፈረም፣ የድንበር ኮሚሽኑ የሚመራባቸው በ1900፣ በ1902 እና በ1908 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተደረጉት የቅኝ ግዛት ዘመን ውሎች ናቸው ተባለ። ዳኞቹ ርትዕን፣ ማለትም ከውሎቹ ውጭ ለሰው ሚዛናዊ የሚመስለውን፣ አይተው እንዳይፈርዱም ስምምነቱ ራሱ በግልጽ ከለከላቸው። ውሎቹ መስመሩን በብዛት የሚያስኬዱት ወንዝን ተከትለው ነው። ለካርታ ሠሪ ወንዝ ጥሩ ወሰን ነው፤ ከላይ ሲታይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ነው።

ኢሮብ ግን የሚያርሰው ወንዝ ውስጥ ነው። አገራችን ገደልና ድንጋይ ስለሆነ ሜዳ የለንም፤ ስለዚህ አባቶቻችን መሬት መሥራት ያዙ። ዳልዳል እንለዋለን። ከሸለቆው ሥር በድንጋይ ግድብ ይደረደራል። ክረምት ጎርፉ ከተራራው አፈር ጠርጎ ይመጣና ግድቡ ላይ ሲደርስ አፈሩን ጥሎ ውኃው ያልፋል። በዓመቱ ሌላ ረድፍ ድንጋይ ይጨመርበታል፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ። ልጅ ሆኜ ትንንሹን ድንጋይ እኔና እህቶቼ፣ ትልቁን አባቴና ጎረቤቶቹ ያቀብሉ ነበር። ብዙ ክረምት ካለፈ በኋላ በሬ የሚዞርበት ማሳ ይሆናል። ታዲያ ወሰን በወንዝ መሐል ሲሰመር የሚቆረጠው ይኼ ነው፤ በሸለቆው ውስጥ ያለው ማሳና ጉድጓድ፣ አያቶቻችን በእጃቸው የሠሩት አፈር። ይህን የትኛውም የኢሮብ ገበሬ በአምስት ደቂቃ ያስረዳ ነበር። የጠየቀው ሰው ግን አላየንም። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ውሳኔው ሲወጣ ከሬዲዮ ሰማን። ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. የያኔው ገዥ ፓርቲ ኢሕአዴግ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እንደሚቀበል ሲያስታውቅም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሰማን። በቀናት ውስጥ ሕዝባችን ሰልፍ ወጣ።

የመስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም.ን ደስታ አልክድም። ዛላምበሳ በኩል ወደ ኤርትራ የሚወስደው መንገድ ሲከፈት እኔም ከሄዱት አንዷ ነበርኩ፤ ሃያ ዓመት ያላየኋትን የአክስቴን ልጅ አቅፌ አልቅሻለሁ። ዓመት ሳይሞላው ግን ሁሉም ተመልሶ ተዘጋ። ለምን እንደተከፈተ በወረቀት ያነበብነው ነገር እንዳልነበረ ሁሉ፣ ለምን እንደተዘጋም የነገረን የለም።

ፕሪቶሪያ ላይ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የትግራዩን ጦርነት የሚያቆመው ስምምነት ሲፈረም ለእግዚአብሔር ምስጋና አቅርቤያለሁ። ናይሮቢ ላይ የተገናኙት የፌዴራልና የትግራይ የጦር አዛዦች ደግሞ የትግራይ ኃይሎች ከባድ መሣሪያ መረከቡና የውጭ ኃይሎች መውጣታቸው ጎን ለጎን እንዲሄድ ፈረሙ። መሣሪያው ተረከበ። ከወረዳችን ግን የኤርትራ ወታደር ያልለቀቃቸው ቀበሌዎች አሉ። እዚያ የቀሩት ወገኖቻችን በየትኛው የምክክር መድረክ ላይ ነው ድምፅ የሚኖራቸው? «ትግራይ ተወክሏል» ሲባል እኛም ውስጡ አለን ይባላል። ተጋሩ ወንድሞቻችን ያሳለፉትን መከራ አብረን አሳልፈናል፤ ግን የኢሮብንና የኩናማን ጉዳይ ከክልሉ ጉዳይ ጋር አንድ ላይ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ሁለታችንንም አይጠቅምም። በአበርገሌና በዋግ ያሉ የአገው ወገኖችም ከአማራ ክልል ጋር ይህንኑ የሚሉ ይመስለኛል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ለአናሳ ብሔረሰቦች በተወካዮች ምክር ቤት ቢያንስ 20 መቀመጫ ይዟል። ሕግ ለማውጣት በስማችን መቀመጫ ካስፈለገን፣ መሬታችን ለሚወሰንበት ጠረጴዛ እንዴት አላስፈለገንም? የሌላ አገር ምሳሌ ለሚፈልግ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ የመንግሥቱና የፋርክ አማፂያን የሰላም ድርድር አራት ዓመት ሲሄድ ነባር ሕዝቦችና ጥቁሮች የገቡት በመጨረሻዎቹ ወራት ነው። ቢሆንም በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው ስምምነት ውስጥ የእነሱ ምዕራፍ አለ። አጭር ነው፣ አፈጻጸሙም ያስተዛዝባል፤ ግን ዛሬ ሲከራከሩ ጣታቸውን የሚያስቀምጡበት ገጽ አላቸው።

አገራዊ ምክክሩም ሆነ የሽግግር ፍትሑ ሥራ እኛ ዘንድ ሲደርስ ብዙ አልጠይቅም። ጥሪው ቢያንስ ሳምንት ቀድሞ ይምጣ፤ ወኪሎቻችንን እኛው እንምረጥ፤ ከሚመረጡት መካከል ሴቶች ይኑሩ፣ ውኃ ቀድታ የምታውቅ ሴት ወሰኑን ከማንም ይበልጥ ታውቀዋለች። የሳሆ አስተርጓሚ ከመድረኩ ይቀመጥ፤ በጆሮ ማንሾካሾኩ ይቅር። የተፈናቀለ ሰው ባለበት ከተማ ይመዝገብ። ቅጹ ላይ ደግሞ ስማችን ይጻፍ።

ስለዚያ ስብሰባ አንድ ነገር ረስቼ ነበር። አጎቴ በኮታቸው ደረት ኪስ ባለ 50 ገጽ ደብተር ይዘው ነበር የመጡት። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ በ1993 ዓ.ም. እያሉኝ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በባድመው ጦርነት ጊዜ ከየቤታቸው ተወስደው እስከ ዛሬ ያልተመለሱ የኢሮብ ሰዎች ስም ነው፤ ሁለት ገጽ ተኩል። በትግራዩ ጦርነት መካከል ከነበረው የ2013ቱ የልደት ሰሞን በኋላ ሌላ ገጽ ጨመርንበት። አጀንዳው መጨረሻ ላይ «ልዩ ልዩ» የሚል ስለነበረ እዚያ ላይ ይነበባል ብዬ ነግሬያቸው ነበር። ምሳ ደረሰና ሳይነበብ ተነሣን። ደብተሩ እኔ ጋ ነው። የሚረከበኝ አካል ካለ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ያሳውቀኝ፤ ራሴ አመጣዋለሁ።

ጡረተኛ መምህርት፣ ከአዲግራት