የሳተውንም መርፌ ጻፉት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ ሰመመን መስጠት ነበር። በቅርቡ የእህቴ ልጅ እዚሁ ድሬዳዋ በኦፕራሲዮን ወለደች። እሷም ሕፃኑም ደህና ናቸው፣ ተመስገን። ግን የጀርባዋን የማደንዘዣ መርፌ (ስፓይናል) አንድ ተማሪ አራት ጊዜ ሞክሮ ሳተው፤ በአምስተኛው መምህሩ ተቀብሎ አስገባው። ልጠይቃት ስሄድ "ጋሼ፣ ተለማመዱብኝ" አለችኝ።

ምን ልበላት? እኔስ በሰው ጀርባ አይደል የተማርኩት? ልጁን አልወቅሰውም። የከነከነኝ ሌላ ነው። የዚያን ቀን ሎግቡኩ፣ ማለት ተማሪው የሠራውን የሚመዘግብበት ደብተር፣ ላይ ምን ጻፈ? በእኛ ጊዜ ቢሆን "ስፓይናል፣ አንድ" ብሎ ያስፈርም ነበር። የሳቱት አራቱ የትም አይገቡም። የሚፈለገው ቁጥር ሲሞላ "ችሏል" ይባላል። (ቁጥር ሲያጥረው ከጓደኛው ኬዝ የሚበደርም ነበር። ዛሬ ብናገረው ማን ይቀጣኛል?)

እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ አንድ የስዊዘርላንድ ጥናት ጀማሪ የሰመመን ሐኪሞችን ተከታትሎ ነበር። የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ከመቶ 90 እጁ የተሳካላቸው በአማካይ ከ57 ሙከራ በኋላ ነው። አማካይ ነው እንግዲህ። አንዱ ቀድሞ ይደርሳል፤ ሌላው 57ኛው ላይም ገና ነው። ማን የት እንዳለ ቁጥሩ አይነግረንም።

የሚነግር ዘዴ ግን አለ። ኩሰም ይሉታል፤ የተሳካውንና የሳተውን በየተራው እየደመሩ በመስመር ማሳየት ነው። እንግሊዛዊው የስታትስቲክስ ባለሙያ ፔጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣው ለፋብሪካ ምርት ቁጥጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የለንደኑ የልብ ቀዶ ሐኪም ደ ሌቫል በሕፃናት ላይ የሠራቸውን የገዛ ራሱን ቀዶ ሕክምናዎች፣ ያልተሳኩትንም ጭምር፣ በዚሁ መዝኖ አሳተመ። ወንድነት ማለት ይሄ ነው።

ለእኛ የሒሳብ ደብተር ካሬ ወረቀት ይበቃል። ከአሥር አንድ መሳት ይፈቀዳል እንበል። መርፌው በገባ ቁጥር መስመሩ አንድ ካሬ ይወርዳል፤ በሳተ ቁጥር ዘጠኝ ካሬ ይወጣል። የጀማሪ መስመር ሽቅብ ነው የሚሄደው። እጁ ሲፈታ ጋደም ይላል፣ ከዚያ ቁልቁል ይወርዳል። ሲወርድ የከረመ መስመር ድንገት ቀና ካለ፣ የነባር ባለሙያም ቢሆን፣ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

"ገባ" የሚባለው ምን ሲሆን እንደሆነ አስቀድሞ ይወሰን። በእኔ ቤት፣ ሁለት ጊዜ ተወግቶ ካልገባ ስቷል። ጀርባዋ ያስቸገረ ታካሚ ከሆነችም ጎኑ ላይ ይጻፍ። ወረቀቱ ደግሞ ከተማሪውና ከመምህሩ እጅ አይውጣ። ለቅጣት ከዋለ እውነቱን የሚጽፍ አይገኝም።

በድሬም በሐረርም የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ እስቲ ሞክሩት። ለደብተሩ አታስቡ፣ ቀፊራ ወርጄ እኔ እገዛለሁ።

ጡረተኛው የሰመመን ባለሙያ፣ ከድሬዳዋ