ስድስት ወሩ ሲያልቅስ?

ይድረስ፦ ለቤቶች ጉዳይ ቢሮ ኃላፊ
ጉዳዩ፦ መኖሪያ ላጡ ቤተሰቦች የራሳቸውን ቤት እስኪያገኙ ለጊዜው ስለሚሰጥ የሽግግር ቤት

የተከበሩ ኃላፊ፣

እንዲህ ባለ አንድ የቤተሰቦች መጠለያ ውስጥ ለሦስት ዓመት ያህል በበጎ ፈቃድ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ትልቅ አልነበረም። ማታ ማታ ልጆች አስጠናለሁ፤ ፎርም መሙላት ለሚከብዳቸው ወላጆች እሞላለሁ።

አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ጫማውን አውልቆ አይተኛም። እናቱ ስትቆጣው "ድንገት ውጡ ቢሉንስ?" ይላታል። ደብተሮቹን በፌስታል ቋጥሮ ትራሱ ሥር ይሸጉጣል። መጠለያው ንጹሕ ነው፣ አልጋ አለው፣ ጥበቃ አለው። ልጁ ግን ነገሩ ቀድሞ ገብቶታል። የተፈቀደላቸው ስድስት ወር ሲሞላ እናቱ "ጊዜያችሁ አልቋል" የሚል ወረቀት ተሰጣት። ከዚያ ወዴት እንደሚሄዱ ወረቀቱ አንድም ነገር አይልም።

መጀመሪያ ዘመድ ቤት ተጠጉ። ዘመድ ሲሰለች ሌላ ዘመድ ጋ ሄዱ። በአራተኛው ወር እዚያው መጠለያው በር ላይ ተራ ሲጠብቁ አገኘኋቸው። ልጁ ትምህርት አቋርጧል። መዝገቡን ሳየው ደግሞ ይበልጥ ገረመኝ። መጀመሪያ ሲወጡ "አገልግሎት አግኝተው የወጡ" ተብለዋል። አሁን ደግሞ እንደ አዲስ ተመዘገቡ። አንድ ቤተሰብ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ ማለት ነው። እርስዎ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ሪፖርት የሚያምረው በዚህ ዓይነት ነው።

በጀት የለም እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እስቲ ስለ ገንዘቡ እናውራ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረ አንድ ጥናት አለ። በ12 አካባቢዎች መጠለያ የገቡ 2,282 ቤተሰቦች በዕጣ ተመደቡ። ለአንዳንዶቹ የረጅም ጊዜ የኪራይ ድጎማ፣ ለአንዳንዶቹ የአጭር ጊዜ ድጎማ፣ ለሌሎቹ የሽግግር ቤት ከነምክሩና ከነሥልጠናው ቀረበላቸው። የቀሩት በተለመደው መንገድ ተስተናገዱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲታይ፣ የረጅም ጊዜ ድጎማ የቀረበላቸው ቤት አልባ ሆነው የመገኘት ዕድላቸው በተለመደው መንገድ ከተስተናገዱት ከግማሽ በታች ወረደ። የልጆቹ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት መዘዋወርም ቀነሰ። ወጪውስ? በተለመደው መንገድ ከተስተናገዱት የበለጠው 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በወር ሲሰላ ውድ ከሆኑት አንዱ የሽግግር ቤቱ ነበር።

የሽግግር ቤት ይዘጋ እያልኩ አይደለም። ከሚደበድባት ባል ልጆቿን ይዛ ለሸሸች እናት አድራሻው የማይታወቅ፣ ጥበቃ ያለው ቤት የግድ ነው። አብዛኞቹ ቤተሰቦች ግን የቸገራቸው የኪራይ ገንዘብ ነው። ሥራ አላቸው፣ ልጅ ማሳደግ ያውቃሉ። ስለ ቁጠባ ሥልጠና ሲሰጣቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። በዚያ ገቢ ልጆች ያሳደገች ሴት ስለ ቁጠባ እኛን ብታስተምር ይሻል ነበር።

ስለዚህ ቤት ፍለጋው ቤተሰቡ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ይጀመር። አከራይ ልጆች ሲያይ ፊቱን ያዞራል፣ ዋስ ይጠይቃል፣ የወራት ቅድመ ክፍያ ይላል። ይህን አንዲት እናት ብቻዋን አትወጣውም። ከጎኗ ሆኖ ከአከራይ ጋር የሚደራደር ሠራተኛ፣ ቅድመ ክፍያውን የሚሸፍን ገንዘብ ያስፈልጋታል። ገብታም ቢሆን ለጥቂት ወራት የሚጠይቃት ሰው ይኑር። መውጫ ሳይገኝ የስድስት ወር ገደብ ብሎ ነገር ይቅር።

አንድ ሌላ ነገር። "ወንድ አይገባም" የሚለው ደንብ ይታይልን። አባትየው እስከ በሩ ሸኝቷቸው ይመለሳል። አንድ የ15 ዓመት ልጅ "ትልቅ ነህ" ተብሎ ብቻውን ወደ ወንዶች መጠለያ ሲላክ አይቻለሁ፤ ታናሽ እህቱ እጁን አልለቅ ብላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት፣ ለልጁ ጥቅም ካልሆነ በቀር ልጅን ያለ ፍላጎት ከወላጆቹ መለየት አይገባም ይላል። ወላጅ ሲቸገር መንግሥት በቤት ጭምር እንዲያግዘውም ያዛል። ለየብቻ የሚቆለፉ ክፍሎች ቢኖሩ ይህ ደንብ ባላስፈለገም ነበር።

አሁን ከቢሮዎ የምጠይቀው አንድ ቁጥር ነው። ባለፈው ዓመት ከመጠለያ ከወጡት ቤተሰቦች ውስጥ ዛሬ በራሳቸው ቁልፍ ከፍተው የሚገቡት ስንት ናቸው? ቁጥሩ ከሌለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ መዝገቡን በነፃ አመሳክራለሁ። ፎርም እንደሆነ እጄ ለምዶታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ በጎ ፈቃደኛ